«ስምንተኛው ተገኘ፣ ነገሩ አለቀ»

ቆፍጣናው፦
«የኦሮራ ልጅ» ትናንት ስለ ፓክ 12፣ ስለ አሜሪካ ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ኮንፈረንስ (ማኅበር)፣ የጻፋትን አያችሁልኝ? «ቴክሳስ ስቴት ገባ፣ ስምንተኛው ተገኘ፣ ነገሩ አለቀ።» ከአሥራ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አሥሩ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የቀሩት ሁለቱ፣ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት፣ የጎረቤቱን ኮንፈረንስ የማውንቴን ዌስትን አምስት ዩኒቨርሲቲዎች አስኮበለሉ። ለማስኮብለሉ እንከፍላለን ብለው የፈረሙት ወረቀት ሲወጣባቸው ደግሞ «ወረቀቱ ሕገ ወጥ ነው» ብለው ከሰሱ። እና አለቀ? ምኑ ነው ያለቀው?

የኦሮራ ልጅ፦
ጽፌያለሁ፣ አልሰርዝም። የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የበላይ አካሉ ኤንሲኤኤ አንድን ኮንፈረንስ ኤፍቢኤስ (የፉትቦሉ ከፍተኛ ደረጃ) ብሎ የሚቆጥረው ፉትቦል፣ ማለትም የአሜሪካውን እግር ኳስ፣ የሚጫወቱ 8 ሙሉ አባላት ሲኖሩት ነው። ከዚያ በታች የወረደ የ2 ዓመት ፋታ ይሰጠዋል፤ የፓክ 12 ፋታ የሚያበቃው ጁላይ 1፣ 2026 ነው። እስቲ ቁጠር፦ ኦሪገን ስቴት፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ቦይሲ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬዝኖ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት፣ ዩታ ስቴት፣ ቴክሳስ ስቴት። ጎንዛጋም አለ፤ ግን ከ1941 ወዲህ ፉትቦል ስለማይጫወት ለዚህ ቆጠራ አይገባም። ስምንት ሞላ፣ አለቀ። የጻፍኩት ደንቡን ነው።

ዝም ባይ፦
«አለቀ» በሚለው እንኳ ከልጁ ጋር ነኝ። እንዲያውም መጨረሻው ላይ «ለት» ጨምርበት።

ሒሳብ ሹም፦
ቆፍጣናው፣ «የፈረሙት ወረቀት» ስትል የትኛው ክፍያ እንደሆነ ለይተህ አስቀምጠው፤ ግማሹ ሰው ሁለቱን እያምታታ ነው የሚጨቃጨቀው። አንዱ የመውጫ ክፍያ ነው፤ ማውንቴን ዌስት ይህን የሚጠይቀው ከራሱ አባላት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ላስታወቀ ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር፣ ላረፈደ እጥፉ። አራቱ ሴፕቴምበር 12፣ 2024 አስታወቁ፣ ዩታ ስቴት ከ12 ቀን በኋላ ተከተለ፤ ስለዚህ ከእጥፉ አምልጠዋል። ሌላው የማስኮብለያ ቅጣት ነው፤ ይህን የሚከፍለው ፓክ 12 ራሱ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተው ለ2024 ተጋጣሚ ሲያጡ ከማውንቴን ዌስት ለእያንዳንዳቸው 6 ጨዋታ በ14 ሚሊዮን ገዙ። ቅጣቱ የተሰካው እዚያው ውል ውስጥ ነው፦ መጀመሪያ ለሚወጣው ዩኒቨርሲቲ 10 ሚሊዮን፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ሚሊዮን እየጨመረ። 10፣ 10.5፣ 11፣ 11.5፣ 12። በአራቱ 43 ነበር፤ ዩታ ስቴት ሲጨመር 55 ሆነ። የሚያካስሳቸው ይህ 55 ነው።

የኦሮራ ልጅ፦
ይኸው እኮ። ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ክፈል ነው የሚሉት። ዩኒቨርሲቲው ሲወጣ 18 ሚሊዮን ይከፍላል፤ የተቀበለው ደግሞ እንደገና 12 ይከፍላል። ለዚያውም ውሉን ያስፈረሙት ሁለቱ የሚጫወቱበት አጥተው፣ አንገታቸውን ይዘው። ማውንቴን ዌስት ክሱ ገና ከመነሻው ይዘጋልኝ ብሎ ነበር፤ ዳኛዋ እሺ አላሉትም። የመውጫ ክፍያውንም ቢሆን ኮሎራዶ ስቴትና ዩታ ስቴት ዴንቨር ላይ ለብቻ ከሰዋል።

ቆፍጣናው፦
ሁለት ክስ ክፍት ሆኖ «ነገሩ አለቀ»። ጎበዝ።

ቬጋስ ነኝ፦
አንገታቸውን ይዘው?! ጠበቃ ነበራቸው፣ ገንዘብም ነበራቸው። የሄዱት አሥሩ በስምምነት 65 ሚሊዮን ትተውላቸው ነው የሄዱት፤ የምርቃት ስጦታ እንዳይመስልህ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ደግሞ ያ 55 አየር ላይ የተንጠለጠለ ገንዘብ አይደለም። ማውንቴን ዌስት የቀሩትን ሰባቱን ያስፈረመው ከመውጫውና ከማስኮብለያው ከሚገባው ላይ ድርሻ ቆርጦ ነው። ለእኛ ለላስ ቬጋሱ ዩኤንኤልቪና ለኤር ፎርስ 24.5 በመቶ ለእያንዳንዳቸው፤ ለኔቫዳ፣ ለሳን ሆዜ ስቴት፣ ለኒው ሜክሲኮና ለዋዮሚንግ 11.5፤ ለሃዋይ 5። እናንተ ያልከፈላችሁት 55 ለእኛ ብቻ ወደ 13.5 ሚሊዮን ጉድለት ነው። እሱን ነው «አለቀ» የምትለን?

የኦሮራ ልጅ፦
እህቴ፣ ራስሽ ተናገርሽው። እኛ ባንወጣ እናንተ የምትከፋፈሉት አልነበረም። ታማኝነታችሁ የተከፈለው ከእኛ መውጫ ነው። መርቁን እንጂ!

ቬጋስ ነኝ፦
ሲከፈለን እንመርቃችኋለን።

ጋሽ ፑልማን፦
ልጆች፣ ይህ ኮንፈረንስ ሲፈርስ የመጀመሪያው እንዳይመስላችሁ። በ1915 የተመሠረተው ፓሲፊክ ኮስት ኮንፈረንስ ለተጫዋቾች በስውር በተከፈለ ገንዘብ ቅሌት ታምሶ በ1959 ፈረሰ። ትልልቆቹ ካሊፎርኒያ፣ ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲና ዋሽንግተን በሌላ ስም አዲስ ቤት ሠሩ፣ ስታንፎርድ ወዲያው ተከተላቸው። በር ላይ የቀሩት እነማን ነበሩ? ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሪገን፣ ኦሪገን ስቴትና አይዳሆ። ዋሽንግተን ስቴት የገባው በ1962፣ ሁለቱ ኦሪገኖች በ1964 ነው። አይዳሆ እስከ ዛሬ አልገባም። ያ አዲስ ቤት ነው በኋላ ፓክ 8፣ ፓክ 10፣ ፓክ 12 የተባለው፤ ታሪኩንም ከ1915 ይቆጥራል። ያኔ አምስቱ ስሙን ጥለው ታሪኩን ሲወስዱ «ያው ቤት ነው» ተባለ። ዛሬ የቀሩት ሁለቱ ስሙንም ታሪኩንም ይዘው ሲሞሉት «ያው አይደለም» የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

ዝም ባይ፦
ጋሼ፣ ያኔ ሎስ አንጀለስና ሲያትል ውስጥ ነበሩ። አሁን ያሉት የዋሽንግተን ስቴትና የኦሪገን ስቴት ትንንሽ ከተሞች፣ ፑልማንና ኮርቫሊስ ናቸው። ሚዛኑ የቴሌቪዥን ገበያ ይባላል።

ጋሽ ፑልማን፦
አውቃለሁ ልጄ። እንደ ፍርድ ቤት ካልክ ግን የዊትማን ካውንቲው ዳኛ በኖቬምበር 2023 የኮንፈረንሱ ሥልጣን የሁለቱ ነው አሉ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይግባኙን አላየውም። ገበያ ፍርድ አይሰጥም።

ሐምራዊ፦
ሁልጊዜ መጨረሻው የኛን፣ የሲያትሉን ዋሽንግተንን መርገም ነው። ፓክ 12ን የገደለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የአብዬን ወደ እምዬ አታድርጉ። ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ጁን 30፣ 2022 ወደ ሌላው ኮንፈረንስ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። በዚያው መኸር የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ለያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት 30 ሚሊዮን ሲያቀርብ ፕሬዚዳንቶቹ 50 ካልሆነ አሉ፤ በወቅቱ የተዘገበ ነው። ተፎካካሪው ኮንፈረንስ ቢግ 12 በኦክቶበር በ31.7 ሚሊዮን ተስማምቶ ገበያውን ዘጋው። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። በመጨረሻ የመጣው አፕል ነው፤ ለዚያውም ገንዘቡ በተመዝጋቢ ብዛት የሚያድግ። ለፉትቦል ቡድን «ተመዝጋቢ ፈልግ» ይባላል?

ቆፍጣናው፦
ኦገስት 4፣ 2023 ጠዋት የስርጭት መብት ማስረከቢያው ይፈረማል ተብሎ ሲጠበቅ እስክሪብቶውን ያስቀመጠው የናንተው ዋሽንግተን አይደለም? ኦሪገንን ይዞ ቢግ ቴን የገባው በሙሉ ድርሻ እንኳ አይደለም፤ 30 ሚሊዮን ነው፣ በዓመት አንድ ሚሊዮን እየተጨመረበት። ዩኤስሲ የሚያገኘውን ግማሽ ያህል ይዞ ገብቶ «አደግን»።

ሐምራዊ፦
የግማሽ ድርሻ ወሬ ካነሳህ ካሊፎርኒያንና ስታንፎርድን ጠይቃቸው። ኤሲሲ (የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ) የገቡት ለሰባት ዓመት በ30 በመቶ ነው። የቴክሳሱ ኤስኤምዩማ ለዘጠኝ ዓመት ከቴሌቪዥኑ ምንም ሳይወስድ። እኛ ደህና ተደራድረናል።

ዝም ባይ፦
በርክሌይ፣ ያው ካሊፎርኒያ፣ በስም የአትላንቲክ ዳርቻ ሆኗል። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩበት ክፍል ተዘግቶ ይሆን?

የኦሮራ ልጅ፦
ከሁሉም ይልቅ የራሳቸው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የፓክ 12 ኔትወርክ ነው የበላቸው። በ2012 ሲከፍቱት ሙሉ በሙሉ የራሳችን ይሁን ብለው አጋር አላስገቡም፤ በሳተላይቱ ዳይሬክት ቲቪ ላይ አንድም ቀን ሳይታይ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ ተዘጋ። አዲሱ ፓክ 12 ይህን አልደገመም፤ ሲቢኤስ ዋናው፣ ሲደብሊውና ዩኤስኤ ኔትወርክ ተጨማሪ፣ እስከ 2031። ሲቢኤስንና ሲደብሊውን ማንም ሰው አንቴና ሰክቶ ያያቸዋል። ተስተካክሏል ማለት ነው።

ቆፍጣናው፦
ከ«አለቀ» ወደ «ተስተካክሏል» ወረድክ። ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥል።

ሒሳብ ሹም፦
ስለ ቴክሳስ ስቴት አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ እንደ ቆሻሻ ማሟያ የሚያወሩት አሉ። መጀመሪያ የተፈለጉት ሜምፊስ፣ ቱሌን፣ ሳውዝ ፍሎሪዳና ዩቲኤስኤ ነበሩ፤ በሴፕቴምበር 2024 አራቱም በአንድ ቃል እምቢ አሉ። ምክንያቱን ማንም በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል። የእነሱ ኮንፈረንስ የሚለቀው 27 ወር ቀድሞ አስታውቆ 25 ሚሊዮን ለሚከፍል ነው። በ2026 ለመግባት ግን 27 ወር አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ከ25 በላይ ይጠየቃሉ። ፓክ 12 ለመውጫ የሚረዳችሁ ብሎ ያቀረበው 2.5 ሚሊዮን እንደነበር ተዘግቧል። 25ን በ2.5 ማን ይለውጣል? ቴክሳስ ስቴት ከነበረበት ኮንፈረንስ ከሳን ቤልት የሚወጣበት 5 ሚሊዮን ነበር፤ ጁላይ 1 ሲገባ እጥፍ ይሆን ነበርና ጁን 30፣ 2025 አስታወቀ፤ አንድ ቀን ሲቀረው። (ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ እንሄዳለን ባሉ በሦስተኛ ዓመቱ፣ በዕለቱ! ይህን ማንም አላስተዋለም።) በ5 ሚሊዮን የቴክሳስን በር ከፍቶ የስምንትን ቁጥር መሙላት ርካሽ ግዢ ነው።

ቬጋስ ነኝ፦
ርካሽ ያልከው ትክክል ነው።

ሒሳብ ሹም፦
ጥያቄው ሌላ ቦታ ነው፤ የኦሮራ ልጅ ያልነካው። ስምንት ዝቅተኛው ቁጥር ነው፤ ጣሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ትርፍ የለውም። አንዱ ቢግ 12 ቢጠራውና ቢሄድ ኮንፈረንሱ ያን ቀን 7 ነው፤ የሁለት ዓመቱ ሰዓት እንደገና መቁጠር ይጀምራል። ፕሮግራሙም ቢሆን፦ ስምንት ቡድን እርስ በርስ አንዳንድ ጊዜ ቢገጥም 7 ጨዋታ ነው፤ ወቅቱ 12 ነው። የቀረውን 5 ከውጭ ትገዛለህ ወይ ትለምናለህ። በ2025 ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት በአንድ ወቅት ሁለቴ የተጋጠሙት ለምን ይመስልሃል? በኖቬምበር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚመጣ እንግዳ ስላልተገኘ ነው፤ ሁሉም በራሱ ኮንፈረንስ ተይዟል።

የኦሮራ ልጅ፦
ዘጠነኛ ይመጣል። ቦይሲ በ2024 በማውንቴን ዌስት ሻምፒዮንነት ብቻ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ፕሌይኦፍ ውስጥ ሦስተኛ ተመድቦ የመጀመሪያውን ዙር አርፎ አሳለፈ። በ2024ና በ2025 ሕጉ ደረጃቸው ከፍ ያለ አምስት ሻምፒዮኖች ይገባሉ የሚል ነበር። እነ ቦይሲን አንድ ላይ ከሰበሰብክ ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ውጭ ላለ ሻምፒዮን የሚተርፈው ወንበር በአብዛኛው የኛ ነው። ወንበሩን ያየ ይመጣል።

ቬጋስ ነኝ፦
ከየት ይመጣል? እኛ ስልኩን አናነሳም። የቴክሳሱ ዩቴፕም ወደ እኛ ነው የመጣው።

ሩጫ ብቻ፦
ይቅርታ፣ ስለ ፉትቦል ብቻ ነው እንዴ የሚወራው? ኬንያዊው ሯጭ ሄንሪ ሮኖ በ1978 ከአፕሪል 8 እስከ ጁን 27 አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ተማሪ ነበር፤ 5,000ውን በርክሌይ፣ መሰናክሉን ሲያትል። ያ ትምህርት ቤት በጁን 2025 ዝላይና ውርወራን ሰረዘ፣ አጭር ርቀትን ቀነሰ፣ በረጅም ርቀት ብቻ እንቀጥላለን አለ። ይህ የዚህ የኮንፈረንስ ግርግር ሒሳብ ነው።

ሐምራዊ፦
ረጅም ርቀት እስካለ ለኛ ሰው ምን ጎደለው? ደስ ይበልህ እንጂ።

ሩጫ ብቻ፦
አልገባህም። ኤፍቢኤስ ውስጥ ለመኖር ቢያንስ 16 ስፖርት ያስፈልጋል። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥና የውጭ አትሌቲክስ ሦስት ሆነው ይቆጠራሉ፤ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት ሦስት። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ከቁጥሩ ስድስት ይቀንሳል። ምን ያደርጋሉ? ስሙን ያቆዩና ሆዱን ያወጡታል። አሰልጣኝ፣ ምሰሶ፣ ፍራሽ፣ የጉዞ ትኬት ይሰረዛል፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን በቀጥታ መክፈል ሲፈቀድለት የመጀመሪያው የተቀነሰው ይኸው ነው። ኮንፈረንሱም እንደዚያው ነው የተሞላው፤ ቁጥሩ እንዲቆም ብቻ።

የኦሮራ ልጅ፦
አንተ ደግሞ አሎሎ ውርወራና ኮንፈረንስን ምን አገናኘው? ጎንዛጋ በ2017ና በ2021፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት በ2023 የቅርጫት ኳሱ ፍጻሜ ደርሰዋል። አንድ የአገር አቀፉ ውድድር ጨዋታ ለኮንፈረንሱ በስድስት ዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ያመጣል። ገንዘቡ ሲገባ ስፖርቱ ይመለሳል።

ቆፍጣናው፦
የተዘጋ ስፖርት ሲመለስ አንድ ጥቀስልኝ። አንድ። ጎንዛጋ ራሱ ፉትቦሉን ከ1941 ወቅት በኋላ ለጦርነቱ ብሎ ነው የተወው፤ ጦርነቱ አልቋል።

ዝም ባይ፦
ይሄኛው እንኳ በእርግጥ አልቋል።

የኦሮራ ልጅ፦
ቃል እየመነጠራችሁ ነው። እኔ ያልኩት ስምንቱ ነው ያለቀው።

ቬጋስ ነኝ፦
55ቱስ?

የኦሮራ ልጅ፦
ፍርድ ቤት ነው አልኩሽ እኮ።

ሩጫ ብቻ፦
እሺ፣ በ2026 መኸር የአገር አቋራጩን ሻምፒዮና ከስንት ትምህርት ቤት ጋር ነው የሚሮጡት? የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። የፉትቦል ቁጥር አትላኩብኝ።