«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»፦ ጭብጦዋ ምንድን ናት?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦ ስለ ተጠርጣሪዎች መብት ስንከራከር አንድ ሰው ይህን ተረት አነሣ። በቅሎዋ ገብታኛለች። ጭብጦዋ ግን ምንድን ናት? ለምንስ ከበቅሎ የበለጠ ታንገበግባለች?

መላሽ፣ መሐል ሜዳ፦ ወንድሜ፣ ጭብጦ «ጨበጠ» ከሚለው ግስ የወጣች ናት። በመዳፍ የተጨበጠ ሊጥ ይጋገርና ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። በቅሎ ደግሞ የባለጸጋ ሀብት ነበረች። ተረቱ ሁለቱን ሆን ብሎ ያራራቃቸው፣ የሚቆጨው የንብረቱ ዋጋ ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ተሟግቼ፣ ምስክሬን አሰምቼ ቢፈረድብኝ በቅሎዬም ትሂድ፤ ቃሌ ሳይሰማ ግን ቁራሽም አይወሰድብኝ ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሹን በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ንጹሕ የሚያየው፣ በአንቀጽ 19ም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው በዚሁ መንፈስ ነው።

መላሽ፣ ተጉለት፦ ትርጉሙን ተቀብያለሁ። ነገር ግን አገራችን ሁልጊዜ የበቅሎዋን ባለቤት ብቻ ሰምታለች እንዳንል አውጫጭኝ አለ፤ አፈርሳታም ይባላል። ሌባው ሲጠፋ ያገሬው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይሄድም። ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። እዚህ የሚቀድመው ሌባው መገኘቱ ነው፤ የንጹሑ ሰው እርሻ ቢስተጓጎልም ያ እንደ በደል አይቆጠርም። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ኸርበርት ፓከር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀልን መቆጣጠርን የሚያስቀድመውን አስተሳሰብ የፍርድን ሥርዓት ከሚያስቀድመው አስተሳሰብ ለይቶ ሲያስቀምጥ ያሳየው ይህንኑ ግጭት ነው። እኔ ከተረቱ ጋር ነኝ፤ የተዘረፈ ጎረቤት ያላችሁ ግን አውጫጭኝ ለምን እንደኖረ ይገባችኋል።

መሐል ሜዳ፦ ልክ ነው። «ቁራኛ»ንም ጨምሩበት። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል በሽተኛው ነው የሚታየን። ድሮ ግን ቁራኛ የሚባሉት ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚታሰሩት ከሳሽና ተከሳሽ ነበሩ። ከሳሹም ነጻነቱን ስለሚያጣ ሰውን እንደዋዛ መክሰስ አይቻልም ነበር። ይህን ሚዛን እወደዋለሁ።

ጠያቂ፦ ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች የሚያደርጉት «ደም ማድረቅ»ስ ከሁለቱ አስተሳሰቦች ከየትኛው ወገን ነው?

ተጉለት፦ ከሁለቱም አይደለም። እዚያ ሽማግሌዎቹ የሚጨነቁት ለሟች ቤተሰብ ካሳና ለሁለቱ ወገን እርቅ ነው፣ ደም መላሽ እንዳይነሣ።