የልጄን የጽሕፈት ትምህርት ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል እቤት ልይዘው ነው፤ እንዴት ላቅደው?

ጥያቄ፦ የደሴዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ በመስከረም 4ኛ ክፍል ትገባለች። ከትምህርት ቤት ላስወጣት አይደለም። ጽሕፈቱን ግን እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ እኔው እቤት ልይዘው ቆርጫለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው። መምህሯ ጎበዝ ናት፤ ግን የዚያን ሁሉ ልጅ ደብተር እያነበበች ማረም ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ጻፉ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳ መገልበጥ ነው። ልጄ ወሬ አያልቅባትም። ማታ ከአያቷ ጋር ተረት ስትለዋወጥ ብትሰሟት ትገረማላችሁ። እርሳስ ስትይዝ ግን ሦስት መስመር ጽፋ «ጨረስኩ» ትለኛለች።

ከኢንተርኔት አንድ የአሜሪካኖች እቅድ አወረድኩ። ልጆቻቸውን እቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች የተዘጋጀ ነው፤ ብዙ ዓመት ይሸፍናል፣ አደረጃጀቱም ደስ ይላል። ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስፔሊንግ የተሞሉ ናቸው። ለአማርኛ እንዴት እንደማደርገው ግራ ገባኝ።

ከምን ልጀምር? በቀን ስንት ደቂቃ ይበቃል? በየዓመቱ ምን ልጠብቅባት? እንግሊዝኛውንስ መቼ ላስገባው? ሱቅ ነው የምውለው፤ የምገኘው ማታ ነው። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ

ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት አማርኛ በማስተማር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

የአሜሪካኖቹን እቅድ እንዳለ አትውሰጂው። በእንግሊዝኛ የሚጻፈውና የሚነበበው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ልጆቻቸው ቃል አስተካክለው እስኪጽፉ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የእኛ ልጅ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ከለየች የምትናገረውን ከሞላ ጎደል መጻፍ ትችላለች። የአማርኛ ጣጣ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ ቃል የት ጀምሮ የት ያልቃል? «እንደ መጣ» ነው ወይስ «እንደመጣ»? ሐሳብ ከሐሳብ በምን ይያያዛል? ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ልጅ መሐል መንገድ ላይ ይጠፋበታል። ጊዜሽን እነዚህ ላይ አውዪው።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ። መናገር አላቃታትም፤ ፊደል መጻፍም አላቃታትም። የከበዳት ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሥራት ነው። እጇ ፊደል በመቅረጽ ሲጠመድ ልትለው የነበረው ይጠፋባታል። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ለያይተሽ አስተምሪያት። ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት አስተማሪ (እ.ኤ.አ. 1842–1923) የምትመክረውም ይህንኑ ነበር። ልጅ ከ6 ዓመቱ ጀምሮ የተነበበለትን በቃሉ መልሶ ይተርክ፤ በጽሑፍ መተረኩ 10 ዓመት ግድም ይምጣ ትላለች። ልጆቻቸውን እቤት የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች ዛሬም ይህን መንገድ ይከተላሉ።

4ኛ ክፍል ላይ እንዲህ አድርጊ። ሰኞና ረቡዕ ቃል ጽሕፈት። ከራሷ የአማርኛ መጽሐፍ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር መርጠሽ መጀመሪያ ታንብበው፣ ከዚያ አንቺ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ እሷ ትጻፍ። ስትጨርስ መጽሐፉን ገልጣ ራሷ ትረም። አንቺ አትረሚላት። ማክሰኞ ወሬ ነው። የፈለገችውን ታውራ፣ አንቺ ጸሐፊ ሁኚ፤ ያለችውን ሳታሳምሪ ልክ እንዳለችው ጻፊው። ሐሙስ ያንኑ የራሷን ወሬ በራሷ እጅ ትገልብጠው። የራሷ ንግግር ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል የምታየው ያን ጊዜ ነው። 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ20 አይለፍ። ዓርብ ዕረፍት።

5ኛ ክፍል አንቀጽ ነው። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሐሳብ፣ ኃይለ ቃሉ የቱ እንደሆነ ጣቷን አስቀምጣ ታሳይሽ። ደብዳቤም እዚህ ይግባ። ሪያድ ወይም ዱባይ አክስት የሌለው የወሎ ቤት ጥቂት ነው። በኢሞ ድምፅ ከምትልክ ጽፋ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት። መልስ ሲመጣላት የሚያድርባት ጉጉት ለብቻው ትምህርት ነው።

6ኛ ክፍል ላይ ገላጭ ጽሑፍ። ቡና እንዴት እንደሚፈላ ከማጠቡ እስከ በረካው በቅደም ተከተል፣ ምንም ደረጃ ሳይዘለል። ከዚያ ማነጻጸር። ለዚህ ደግሞ እኛ የታደልን ነን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከኮምቦልቻ ሲደረስ ልብሱ፣ አየሩ፣ ዛፉ ይለወጣል። ቅዳሜ በሚኒባስ ይዘሻት ውረጂ፤ መንገዱን ሙሉ ምን እንደተለወጠ ታስተውል፣ እሑድ ትጻፍ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽንም በዓይኗ አይታ ትግለጸው፣ የንጉሡን ታሪክ የሚነግራት ሰው አታጣም። የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሸክሙን ቀንሺላት።

7ኛ ክፍል አመዛዛኝ ነው፤ አንድ አቋም ይዛ ሁለት ምክንያት ታቅርብ፣ የተቃራኒውንም ሐሳብ ሳታጣምም ትጻፍ። 8ኛ ክፍል አንድ ረጅም ሥራ ይኑራት፣ ለምሳሌ የአያቷን ተረቶች ሰብስባ በራሷ አጻጻፍ፣ ጽፋ፣ አስቀምጣ፣ ከሳምንት በኋላ መልሳ እያረመች። ማመልከቻ አጻጻፍም እዚያው ትማር። ቀኑ፣ ለማን እንደሆነ፣ ጉዳዩ፣ ከዚያ ዋናው ነገር ባጭሩ። ዲግሪ ይዞ ማመልከቻ በሰው የሚያስጽፍ ስንት አለ።

መልስ፦ የኮምቦልቻ አባት

መምህር ሁሉንም ብለውታል። እኔ ስለ ሰዓቱ ብቻ ልጨምር።

እኛ የጀመርነው በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በ2014 በጦርነቱ ትምህርት ሲቋረጥም የያዝነው ይህንኑ ነበር፤ ልጆቹን ከመጨነቅ ትንሽ ገላግሏቸዋል። እህቴ፣ ከእራት በኋላ አታድርጊው። ልጅ ጠግቦ እርሳስ አይይዝም። ሱቅ ዘግተሽ እንደገባሽ፣ እራቱ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ያን ቀን ወሬ ብቻ ይሁን፣ አይዘለል።

ሌላው፣ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ አርሚ። በዚህ ሳምንት አራት ነጥብ ከሆነ አራት ነጥብ ብቻ። የቀረውን እያየሽ እለፊው፣ ተራው ይደርሳል። ደብተሩ በቀይ የተሞላ ልጅ በሚቀጥለው ቀን አጭር ነው የሚጽፈው፤ ብዙ ከጻፈ ብዙ ስህተት እንደሚገኝበት አውቋል።

የደሴዋ እናት

እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ እድሜ ይስጥዎት። የኮምቦልቻ ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ያለፈው ሳምንት የጻፈችውን ልጻፍላችሁ፣ እንዳለ ነው፦

«ሰኞ ከአያቴ ጋር ገበያ ሄድን። ከዛ በርበሬ ገዛን። ከዛ ዝናብ መጣ። ከዛ ሮጥን። ከዛ እቤት ገባን።»

ፊደሉ ልክ ነው፣ አራት ነጥቡም አለ። ግን ሕይወት የለውም። ምኑን ላርመው?

መልስ፦ የአራተኛ ክፍል መምህርት

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ጥሩ ጽሑፍ ነው። መነሻና መድረሻ አለው። የዚህ ዕድሜ ልጆች «ከዛ» ሁሉም ጋ አለ።

አሁን ምንም አታርሚ። መጀመሪያ ጠይቂያት። ዝናቡ ሲመጣ የት ነበራችሁ? በርበሬው አልረጠበም? የምትለውን እዚህ ጻፊልን።

የደሴዋ እናት

ጠየቅኳት። «አያቴ ነጠላዋን አውልቃ በርበሬውን ሸፈነችው፤ እሷ ግን በሰበሰች» አለችኝ። ይሄን ሁሉ እያወቀች ለምን አልጻፈችውም?

መልስ፦ የአራተኛ ክፍል መምህርት

ይጻፋል ብላ ስላላሰበች ነው። ትምህርት ቤት «ገበያ ስለመሄድ ጻፉ» ሲባል ልጆች የሚጽፉት ማንም ገበያ ሄዶ የሚያደርገውን ነው። የእሷን ገበያ የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ትጽፋለች። ስለዚህ ከየጽሑፉ በኋላ ሁለት ጥያቄ ልማድ ይሁንላችሁ፦ ምን አየሽ? ማን ምን አለ?

ከዚያ «ከዛ»ን ወደ ማስወገድ ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያግዛል። ቦዝ አንቀጽ አለን (እንደ «ሄደን» ያለ፣ ሳይዘጋ ወደ ሌላ ግስ የሚያሻግር)፤ በ«ሲ» ማያያዝም አለን። «ሄድን። ከዛ ገዛን» የሚለው «ሄደን ገዛን» ይሆናል። «ዝናብ መጣ። ከዛ ሮጥን» የሚለው «ዝናብ ሲመጣ ሮጥን» ይሆናል። ስሙን አሁን አትንገሪያት፤ 4ኛ ክፍል ላይ ሰዋስው ከስሙ በፊት በጆሮ ነው የሚገባው። ሁለት ዐረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ «እስቲ አንድ አድርጊያቸው» በያት፣ በቃሏ ትሞክር። ልጅሽ እንዲህ ልትደርስ ትችላለች፦

«ሰኞ ከአያቴ ጋር ገበያ ሄደን በርበሬ ገዛን። ስንመለስ ዝናብ ያዘን። አያቴ ነጠላዋን አውልቃ በርበሬውን ሸፈነችው። እሷ ግን በሰበሰች።»

አንድም ቃል ከእኔ አልተጨመረም ማለት ይቻላል። አንቺ ግን ይህን አታሳያት፤ ራሷ ትድረስበት።

በነገራችን ላይ፣ ሞክሼ ፊደላቱን (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ) እስከ 6ኛ ክፍል አትንኪባት። «ጸሀይ» ብትልም «ፀሐይ» ብትልም ይነበባል። ልጅ በዚህ ሲጨነቅ ሐሳቡ ይቆማል።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ

እህቴ መምህርት፣ ስለ በርበሬው ያልሽው በጣም ግሩም ነው። በሞክሼዎቹ ግን አልስማማም። ልጅ ቃልን የሚያስታውሰው በዓይኑ ነው። ሦስት ዓመት «ሀይል» እያለ የጻፈ ልጅ 6ኛ ክፍል ላይ «ኃይል» ሲባል አዲስ ቃል ይሆንበታል። መቅጣት አይገባም፣ ነጥብ መቀነስም አይገባም። ግን ከደብተሯ ጀርባ ላይ የቃላት ገጽ ይኑራት። ከመማሪያ መጽሐፏ «ፀሐይ»፣ «ዓለም»፣ «ሠራተኛ»፣ «ኃይል» ስታገኝ መጽሐፉ እንደጻፈው ትመዝግብ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቃል ቢሆን በ8ኛ ክፍል የት እንደምትደርስ አስቢው።

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ

ስለ እንግሊዝኛው ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። የእኔ ልጅ ከሰዓት ቁርዓን ቤት ይሄዳል፤ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፣ አማርኛውን ከግራ ወደ ቀኝ። አንድም ቀን አላደናገረውም፤ ቦታውም ሰዓቱም ስለሚለያይ ይመስለኛል። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው የራሱን ቀንና የራሱን ደብተር ስጪው።

5ኛ ክፍል ላይ በግልበጣ ይጀመር። ከመጽሐፏ ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ ነጥቡ። 6ኛ ላይ የራሷ ዐረፍተ ነገር። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንድትተረጉም ግን አታድርጊ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ነው፣ በእንግሊዝኛ መሐል ነው፤ ተርጉሚ የተባለች ልጅ የአማርኛውን ቅደም ተከተል ይዛ ትሄዳለች። ሥዕል አሳይተሽ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ትበለው፣ አጭርም ቢሆን። 9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን በ8ኛ ማብቂያ አንድ አንቀጽ ሳትጨነቅ መጻፍ ከቻለች ይበቃታል። በአማርኛ አንቀጽ ማዋቀር ከለመደች ይሄኛው የቃላት ጉዳይ ነው የሚሆንባት።

የደሴዋ እናት

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ውሳኔዬን ልንገራችሁ፣ የተሳሳተ ካለ አርሙኝ።

ከመስከረም ጀምሮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከእራት በፊት፣ 15 ደቂቃ። ቃል ጽሕፈቱም ወሬውም መምህር እንዳሉት። ሁለቱን ጥያቄዎች ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ። በሞክሼዎቹ የመምህርን የቃላት ገጽ እይዛለሁ፤ ወሬ ስትጽፍ ግን መምህርት እንዳለችው ሳላርም አልፋለሁ። እንግሊዝኛ እስከ 5ኛ ክፍል ትምህርት ቤቷ ይበቃታል። የ7ኛና የ8ኛውን አሁን ወረቀት ላይ አላሰፍርም፤ 6ኛ ስትጨርስ እዚሁ መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። የአሜሪካኖቹን እቅድ ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ።

አንድ የቀረኝ፣ ክረምቱን ምን ላድርግ? ሐምሌና ነሐሴ ከአያቷ ጋር ገጠር ነው የምትከርመው።

መልስ፦ የኮምቦልቻ አባት

ገጠር ከሆነች ቃል ጽሕፈቱን ተዪው። ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ መስመሩ ሰፋ ያለውን፣ ከሁለት እርሳስና ከመቅረጫ ጋር ስጫት። በሳምንት አንድ ቀን አያቷ ያወሩላትን አንድ ነገር ትጻፍ፣ ቀኑን ከላይ ታድርግበት። አያትየውንም አስቀድመሽ አናግሪያቸው፤ ቅዳሜ ማታ «የዛሬውን ጻፍሽ?» ብለው ቢጠይቋት ይበቃል።