ወንዝ ዳር ባለ ጫካ ውስጥ ሁለት ሌሊት ለማደር ምን እናስብ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር (7 እና 10 ዓመታቸው ነው) ወንዝ የሚያልፍበት ደን ያለው ፓርክ ውስጥ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ከዚህ በፊት ድንኳን ውስጥ አድረን አናውቅም። ድንኳኑንም የተዋስነው ከሰው ነው። እኔ ልጆቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ወንዙን እንዲያዩ ብዬ ውሃው ጫፍ ላይ እንትከል እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ራቅ እንበል ይላል። ማን ልክ ነው? የመጠጥ ውሃስ ከወንዙ መቅዳት ይቻላል ወይስ ሁሉንም ተሸክመን እንሂድ?

መልስ 1

እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ ባለቤትሽ ልክ ነው። ወንዝ ዳር ስታድሩ ትልቁ ውሳኔ ድንኳኑ የት ይቁም የሚለው ነው። ሌላው ቢጎድል እንደምንም ይታለፋል።

ደራሽ ጎርፍ የግድ እናንተ ካላችሁበት ሰማይ አይመጣም። ላይኛው አገር ዘንቦ፣ እናንተ ጋ ኮከብ እየታየ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ የፓርኩን ብቻ ሳይሆን ወንዙ የሚነሳበትንም አካባቢ እዩ።

ስትደርሱ ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት ዳር ዳሩን ዞር ዞር በሉ። ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣር፣ ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመ ላስቲክ፣ ግንድ ላይ የደረቀ ጭቃ ካያችሁ ወንዙ ሲሞላ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውጡ። ለጥ ያለው አሸዋ በጣም ያጓጓል፤ ግን አሸዋውን እዚያ ያመጣው ራሱ ወንዙ ነው። ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ። እንስሳትም ማታ ለመጠጣት ሲወርዱ መንገዳቸው አይዘጋባቸውም። ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ውሃ ጫፍ ያደረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነጋለት ድንኳኑ በጤዛ ርሶ ነው።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ ቀና ብላችሁ እዩ። ከላያችሁ ደረቅ ቅርንጫፍ ወይም የሞተ ዛፍ ካለ ቀይሩ። ነፋስ ሳይኖርም ሊወድቅ ይችላል። መሬቱንም እዩ፤ የጉንዳን መስመር ላይ መተኛት አይመከርም።

መልስ 2

ስለ ውሃው ልመልስ። ወንዙ ኩልል ብሎ ቢወርድም እንዲሁ አትጠጡት። ጃርዲያ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ተውሳክ በዓይን አይታይም። የሚታመነው ማፍላት ነው፦ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ቦታው ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ ዕቃ ውስጥ ይዝቀጥ፤ ከዚያ ከላይ ያለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ አፍሉት። የክሎሪን ክኒን ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተውሳክ ግን በቀላሉ አይገድለውም። የመጀመሪያውን ቀን ውሃ ከቤት ያዙ፤ ደክሟችሁ ደርሳችሁ ውሃ ማፍላት ይከብዳል።

ሳህን ወንዙ ውስጥ አትጠቡ። በዕቃ ቅዱና ራቅ ብላችሁ እጠቡ። ለመጸዳጃም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ መልሳችሁ ድፈኑ፤ እሱም ከውሃው 60 ሜትር ይራቅ።

መልስ 3

ተውሰናል ስትዪ የራሴ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ የተዋስኩትን ድንኳን ቤት ሳልዘረጋው ይዤ ሄድኩ። የደረስኩት መሽቶ ነው። ከረጢቱን ስፈታ ያሉት ችካሎች 4 ብቻ፤ አንዱም ጎብጧል። የቀረውን ጠርዝ ድንጋይ ጭኜበት ተኛሁ። ሌሊት ዝናቡ ወረደ። ከድንኳኑ ሥር ያነጠፍኩት ላስቲክ ጠርዙ ወደ ውጭ ተርፎ ነበርና ውሃውን ተቀብሎ ወደ ሥሬ አስገባው። የነቃሁት ጀርባዬን ሲበርደኝ ነው። መዳፌን ወለሉ ላይ ስጫን ውሃው ከሥር ይንቦጫረቃል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ እዩት። ችካል ቁጠሩ፣ ዚፑን ሞክሩ። የሥሩ ላስቲክ በሁሉም በኩል ከድንኳኑ አንድ ስንዝር ያህል ይነስ ወይም ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ 2 ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ድረሱ።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ገና ሳንሄድ አተረፋችሁን። ልጆቹ ሌሊት ቢበርዳቸው ትንሽ የከሰል ፍም ድንኳኑ ውስጥ ማስገባት እንችላለን?

መልስ 2

በፍጹም! ከሰልም፣ የጋዝ ምድጃም ድንኳን ውስጥ አይገባም። ከእነሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ብርዱ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከመሬትም ይመጣል። ከሥራቸው ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ደረቅ ካልሲና ኮፍያ አልብሷቸው። ውጭ ያነደዳችሁትን እሳት ውሃ አፍስሳችሁ፣ አመዱን አማስላችሁ፣ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ትታችሁ አትተኙ።

መልስ 4

እኔም እናት ነኝና ስለ ልጆቹ ልጨምር። ገና ስትደርሱ አንድ ሕግ ይኑር፦ ያለ ትልቅ ሰው ወደ ውሃው አይወረድም፣ እጅ ለመታጠብም ቢሆን። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። ለእያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ ፊሽካ አድርጊላቸው። ከጠፉ ባሉበት ቆመው ሦስት ሦስት ጊዜ ይንፉ። ማታ ጫማቸውን ድንኳን ውስጥ አስገቡ፣ ጠዋት አራግፋችሁ አልብሷቸው። ምግብ ግን ድንኳን ውስጥ አይደር። ለፓርኩም ቀድመሽ ደውዪ፤ እሳት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ወንዙ ውስጥ አዞ ወይም ጉማሬ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ።

ወንዙን እንዲያዩ ያሰብሽው ነገር ደስ ይላል፣ አትተዪው። ጎህ ሲቀድ ቀስቅሻቸውና እጃቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ውረዱ። ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ ያዩታል።

ጠያቂዋ

እንደዚያ እናደርጋለን። ድንኳኑን አሁን ዘረጋነው። የችካል ማሰሪያው 14 ነው፣ ያለን ችካል ግን 11። ነገ 3 እንፈልጋለን።