ጭጋጉ ሲወርድ ምን ላድርግ?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በድባቴ ሕመም መሠቃየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የማቋረጥ ሐሳብም የለኝም። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የደገፈኝ ግን የጦሳ ተራራ ነው። ማለዳ ከደሴ ተነሥቼ ዳገቱን ስያያዘው ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል ይላል። አንድ ቀን የሸረሪት ድር ላይ የተደረደሩ የጤዛ ጠብታዎችን ፀሐይ አንድ በአንድ ስታደርቃቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ለካ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ነገ እያሰብኩ ነበር።

አሁን ክረምት ገባ። ጭጋጉ ጦሳን ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ያዳልጣል። አራት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ጎረቤቴ ቡና አፍልተው «አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል፤ ደግነታቸው ያስለቅሰኛል፣ እግሬ ግን እምቢ አለ። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፣ የሐይቅ ከተማም ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኔ ግን መናኸሪያው ራሱ ሩቅ ሆኗል። ሐሙስ ቀጠሮ ስላለኝ ይህንኑ ለሐኪሜ እነግራለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ፣ መውጣት በማይቻልበት ቀን በመስኮት፣ በጓሮ፣ በአንድ ጣሳ አፈርም ቢሆን ምን አደረጋችሁ? ዝናቡ ጋብ ሲል አብራኝ የምትራመድ እህትስ ትኖር ይሆን?