ለደጋ አጋዘን፦ የድሮው .30-06 ወይስ 6.5 ክሪድሙር?

የፒያሳ ቢሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ካለው ቢሯችን ወደ ባሌና አርሲ ለአደን የሚሄዱ እንግዶችን እናዘጋጃለን። ብዙዎቹ ስለ ጠመንጃቸው ጥይት ዓይነት «.30-06 አርጅቷል፣ 6.5 ክሪድሙር ላምጣ?» ይላሉ። የቱን እንምከራቸው?

ጋሽ መ.፦
እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው .30-06 ዛሬም ሥራውን ይሠራል። 180 ግሬን (12 ግራም ገደማ) የሚመዝን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ አፈሙዝ ላይ 3,900 ጁል አካባቢ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ክሪድሙር 143 ግሬን አረር በተመሳሳይ ፍጥነት ቢልክም 3,100 አካባቢ ላይ ይቀራል። ወንዱ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ስለሚደርስ ልዩነቱ የትከሻ አጥንት ላይ ይታያል።

አራት ኪሎ፦
ጋሼ፣ በጉልበቱ እስማማለሁ፤ ነፋሱን ግን አይርሱት። ረጅምና ቀጭን የሆነው 6.5 አረር ከ300 ሜትር ወዲያ የጎን ነፋስ ያን ያህል አይገፋውም። ርግጫውም ቀላል ነው። ቃታ ሲስብ የሚሸማቀቅ ተኳሽ በ.30-06 ይስታል፣ በዚህ ይመታል።

ጋሽ መ.፦
ልክ ነህ ልጄ። ከሁሉም በላይ ግን የአረሩ አሠራር ነው! እርሳሱን የሚሸፍነው ቅርፊት ስስ የሆነ የኢላማ መለማመጃ አረር በቅርብ ርቀት ትከሻ ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ቁስሉም ላይ ላዩን ይሆናል፣ አውሬው ቆስሎ ያመልጣል። በሁለቱም ቢሆን ቅርፊቱ ከእርሳሱ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉ መዳብ ይሁን። ቆላ አገር ላይ የተስተካከለ ቴሌስኮፕ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በሩቁ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመታል፤ በጉዞም ይናጋል። ካምፕ እንደደረሱ በ200 ሜትር ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ ይተኩሱ።