ሃካ የማን ነው? ማንም ይጨፍረው ወይስ ሕግ ይግባበት?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከኒውዚላንድ ስለመጣው ሃካ፣ የአገሬው ተወላጅ የማኦሪ ሕዝብ በቃልና በእግር ምት ስለሚያቀርበው ጭፈራ ነው። ቪዲዮውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። በኖቬምበር 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እንቁጠር) ሃና ራዊቲ ማይፒ ክላርክ የምትባል የ22 ዓመት የማኦሪ ፓርላማ አባል አንድ ረቂቅ ሕግ ለሁለት ቀድዳ ሃካ ጀመረች። ረቂቁ ማኦሪዎችና የእንግሊዝ ዘውድ በ1840 የተፈራረሙትን የዋይታንጊ ስምምነት እንደ አዲስ ሊተረጉም የመጣ ነበር። በኋላ ውድቅ ሆነ። እሷ ግን ለ7 ቀን፣ ሁለቱ የፓርቲዋ መሪዎች ደግሞ ለ21 ቀን ከምክር ቤቱ ታገዱ። ጥያቄዬ ስለ ቅጣቱ አይደለም። ሃካ የማን ነው? ማንም ተነስቶ ለማስታወቂያም ለድግስም ይጨፍረው? ወይስ ሕግ ይከልክል? መሳደብ የለም።

ራግቢ ወዳጁ፦ እኔ ክልከላ የሚባል ነገር አልወድም። ዓለም ሃካን ያወቀው በማን ነው? በኦል ብላክስ፣ በኒውዚላንድ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን። በ1905 ወደ እንግሊዝ የተጓዘው ቡድን «ካ ማቴ» የሚባለውን ሃካ ባይጨፍር ኖሮ ዛሬ እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ስለሱ ባላወራን ነበር። የጓደኛችን ሰርግ ደርሷል፣ ሚዜዎቹ ከዩቲዩብ እያየን እየተለማመድን ነው። ማንን ጎዳን?

የዌሊንግተኗ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምትጨፍሩትን እወቁት። «ካ ማቴ» ብዙ ሰው እንደሚለው የጦርነት ጭፈራ አይደለም። በ1820 ገደማ ቴ ራውፓራሃ የሚባል፣ ንጋቲ ቶዋ የተባለው የማኦሪ ጎሳ አለቃ፣ ጠላት ያሳድደዋል። የስኳር ድንች የሚከማችበት ጉድጓድ ውስጥ ይደበቃል። የጉድጓዱ አፍ ላይ የአካባቢው አለቃ ሚስት ትቀመጥበታለች። አሳዳጆቹ ከላይ ሲመላለሱ እሱ ታች ሆኖ «ሞትኩ፣ ሞትኩ… ዳንኩ፣ ዳንኩ» ይላል። ሲሄዱ ወጥቶ ፀሐይ አየ፣ ጨፈረ። ከሞት አፍ የተረፈ ሰው ቃል ነው። እናንተ ኬክ ሲቆረስ ልትጨፍሩት?

ደሞ ዝም ብሎ መጮህ አይምሰላችሁ። ልጄ በትምህርት ቤቱ የሃካ ቡድን ውስጥ አለ። መምህሩ መጀመሪያ የያዘው እጁን ነው። ጣቶቹ ተዘርግተው ሳያቋርጡ መርገብገብ አለባቸው፤ «ዊሪ» ይሉታል። ልጁ ቃሉን ላስታውስ ብሎ እጁ ከቆመ መምህሩ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራቸዋል። ከዚያ ጉልበት ዝቅ፣ እግር መሬት ይመታል፣ ዓይን ይፈጥጣል። ምላስ ማውጣት የወንዶቹ ነው። ሴቶቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው አገጫቸውን ወደ ፊት ይሰብቃሉ። ዩቲዩብ ላይ ይሄ ሁሉ አይታይም።

የላስ ቬጋሱ፦ እኔ ነገሩን በሃዋይ በኩል ልየው። ቬጋስ ሐበሻ እንደሞላው ሁሉ የሃዋይ ሰውም ሞልቶታል፤ ከተማዋን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ነው የሚሏት። አብራኝ የምትሠራ ሴት ስለ ሁላ፣ ስለ ሃዋይ ባህላዊ ጭፈራ፣ ስትጀምር እረፍታችን ያልቃል።

ሚሲዮናውያን በ1820 ገቡ። በ1830 ንግሥት ካአሁማኑ ሁላ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከለች። ንጉሥ ካላካዋ በ1883 የዘውድ በዓሉ ላይ በይፋ አስጨፈረው፤ የዝግጅቱን ፕሮግራም ያተሙት ሰዎች በብልግና ተከሰሱ! እስቲ አስቡት፣ ንጉሡ ያዘዘውን ጭፈራ። ቀጥሎ ቱሪስት መጣ። ከ1937 እስከ 2002 ዋይኪኪ በሚባለው የሃዋይ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ በፎቶ ፊልም አምራቹ በኮዳክ ስም የተጠራ የሁላ ትርኢት ነበር። በቀን ብርሃን የሚቀርበው ጎብኚው ፎቶ እንዲያነሳ፣ ፊልምም እንዲጨርስ ነው።

በሌላ በኩል ሂሎ የምትባል ከተማ በ1964 በካላካዋ ቅጽል ስም የሚጠራው የሜሪ ሞናርክ ፌስቲቫል ተጀመረ። ከ1971 ጀምሮ ደግሞ የሁላ ውድድር አለው። አንዱ ምድብ «ካሂኮ» ነው፤ ጥንታዊው፣ በዜማ ጥሪ፣ በቅልና በሻርክ ቆዳ በተወጠረ ከበሮ። ሌላው «አዋና» ነው፤ ዘመናዊው፣ በጊታርና ዩኩሌሌ በምትባል ትንሽ ባለ አራት ክር ጊታር። ዩኩሌሌ ራሱ በ1879 ከማዴይራ ደሴት በመጡ ፖርቱጋሎች መሣሪያ መነሻነት የተሠራ ነው። ዛሬ ያለሱ ሃዋይ ትታሰባለች? ስለዚህ አዲስ ነገር መቀላቀሉ ችግር የለውም። ሂሎ ላይ የሚዳኙት የሁላ አዋቂዎች ናቸው። ዋይኪኪ ላይ ዳኛው ካሜራ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ራግቢ ወዳጁ፦ ታዲያ ከኔ ጋር ነህ ማለት ነው! ባህል ይቀየራል። ኦል ብላክስም በ2005 «ካፓ ኦ ፓንጎ» የሚባል አዲስ ሃካ አምጥተዋል። መጨረሻው ላይ አንገት የሚያርዱ ስለሚመስል ስንት ጫጫታ ተነሳ።

የዌሊንግተኗ፦ የደረሰው እኮ ደሪክ ላርዴሊ ነው፣ የማኦሪ ሊቅ። ምልክቱ ማረድ ሳይሆን ኃይልን ወደ ልብና ወደ ሳንባ መሳብ ነው ብሎ አስረድቷል። በ1984 የፓቴያ ማኦሪ ክለብ «ፖይ ኢ» የሚለውን ዘፈን ሲያወጣም የማኦሪ ዜማን ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር ቀላቅለው ነው፤ የአገሩ ቁጥር አንድ ዘፈን ሆነ። ማንም ባህላችን ተበላሸ አይልም። ባለቤቱ ሲቀይረውና መንገደኛ ሲቀይረው አንድ አይደለም።

የሕግ ሰው፦ ስሜቱን ሰማን። ሕጉ ምን ይላል? ንጋቲ ቶዋዎች «ካ ማቴ»ን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሞክረው በ2006 ውድቅ ተደረገባቸው። ምክንያቱ ሃካው የአንድ ጎሳ ብቻ ሳይሆን የመላ አገሪቱ መለያ ሆኗል የሚል ነበር። በ2014 ግን ለዚህ አንድ ሃካ ብቻ የወጣ ሕግ ጸደቀ። ለንግድ የሚያሳትም ወይም በፊልም ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው ደራሲው ቴ ራውፓራሃ፣ የንጋቲ ቶዋ አለቃ መሆኑን መግለጽ አለበት። በቃ። ክፍያ የለም፣ ፈቃድ የለም። መድረክ ላይ መጨፈርንና ትምህርትን ጭራሽ አይነካም።

በ2021 የክትባት ተቃዋሚዎች ሰልፍ ላይ «ካ ማቴ»ን ሲጨፍሩ ንጋቲ ቶዋዎች አቁሙ ብለው መግለጫ አወጡ። ከመግለጫ ያለፈ ምን በእጃቸው አለ? ለኔ ይሄ ሕግ ጥርስ የለውም። ለንግድ ሲሆን ቢያንስ ፈቃድ ይጠየቅ።

ራግቢ ወዳጁ፦ ፈቃዱን ማን ይሰጣል? ያው ቴ ራውፓራሃ እኮ ደቡብ ደሴት ወርዶ ንጋይ ታሁ የሚባሉትን የማኦሪ ጎሳ ሰዎች የፈጀ ሰው ነው። ከነሱ ውስጥ ይሄ ሃካ የአገር መለያ መሆኑ የሚከነክናቸው አሉ። ታዲያ እነሱስ አይጠየቁም?

የሕግ ሰው፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን እሱ የሚያሳየው ባለቤት እንዳለው ነው፤ ባለቤት የሌለው ነገር ቂም አይያዝበትም።

የላስ ቬጋሱ፦ ወንድሜ ራግቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈረንጅ ጎፈር ደፍቶ በፉከራችን ቢራ ቢያስተዋውቅ ምን ይሰማሃል?

ራግቢ ወዳጁ፦ እውነቱን ልንገርህ? ደስ ይለኛል። እንኳን ታወቀልን።

የላስ ቬጋሱ፦ የአያትህን ገድል ጠርቶ ቢያቅራራስ?

ራግቢ ወዳጁ፦ እ… እሱን ትንሽ ላስብበት።

የዌሊንግተኗ፦ እዚህ ኒውዚላንድ ያለን ሐበሾች ባዕዶች ነን፣ እና አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በማርች 2019 ክራይስትቸርች ላይ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው ተገደለ። በማግስቱ ሳምንት ተማሪዎች፣ ጠንካራ ነን የሚሉ የወሮበላ ቡድን አባላት ሳይቀሩ፣ ለሟቾቹ ሃካ አደረጉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። አክብሮት ነው፤ ሃካ ለእንግዳም ይሰጣል። ሰጥተውህ ስትቀበልና ከጓዳ ገብተህ ስታነሳ ይለያያል።

መከልከልንም አልደግፍም። ፖሊስ ሰርግ ይግባ አልልም። እዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች «ካ ማቴ»ን አይነኩም፤ ለራሳቸው የተደረሰ ሃካ አላቸው። የሴቶቹ ራግቢ ቡድን፣ ብላክ ፈርንስ፣ የራሱን ነው የሚጨፍረው። ሕጉ እንዳለ ይቁም፤ ለንግድ ግን የሕግ ሰው እንዳለው ፈቃድ ይጨመርበት።

ራግቢ ወዳጁ፦ ለንግዱ እሺ፣ ተስማማሁ። ለሰርጉ አልስማማም። ሕጉ ራሱ ጭፈራውን አልነካም ተብሏል። እንጨፍራለን፤ ከመጀመራችን በፊት የቴ ራውፓራሃን ስምና ታሪኩን በማይክ እንናገራለን።

የሕግ ሰው፦ ሕጉ ለንግድ የሚያሳትመውን ሰው እንኳ ከዚህ በላይ አይጠይቀውም።

የዌሊንግተኗ፦ እሺ፣ ስሙን በትክክል ጥሩት። እጃችሁም አይቁም። ምላሱን ግን ተዉት፣ አማቾች ፊት ነው።