እንጨት አሟሙቶ ነዳጅ ማውጣት የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋልን?

አወያዩ፦ የዛሬው ጥያቄ ርዕሱ ላይ ያለው ነው። አዮናዊ ፈሳሽ የሚባለው ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጥ ጨው ነው። የወጥ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን በክፍል ሙቀት እንደ ዘይት ይፈስሳሉ። በ2002 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮቢን ሮጀርስና ባልደረቦቻቸው የእንጨት ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ በአንደኛው ውስጥ እንደሚሟሟ ካሳዩ ወዲህ ብዙ መንግሥታት ለምርምሩ ገንዘብ አፍስሰዋል። ተገቢ ነውን? ስድብ ይቅር፣ ቁጥር ይምጣ።

ኬሚስቱ፣ ከስቶክሆልም፦ ተገቢ ነው። እንጨትን እንደ ጭቃ ቤት አስቡት። ሴሉሎስ ቋሚው ነው፣ ሄሚሴሉሎስ ማገሩ፣ ሊግኒን ምርጊቱ። ወደ ኢታኖል ነዳጅ የሚለወጠውን ስኳር በዋናነት የምናገኘው ከቋሚው ነው፤ ሴሉሎሱን ወደ ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ግን ምርጊቱን አልፎ አይገባም። በትኩስ አሲድ መላጥ ይቻላል፤ ታዲያ ከስኳሩ ከፊሉ አብሮ ይበላሻል። አዮናዊ ፈሳሽ ሥራውን በለሰለሰ መንገድ ይሠራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2007 የተቋቋመው የጋራ ባዮኢነርጂ ተቋም እንጨቱን አሟሙቶ ውኃ ሲጨምርበት ሴሉሎሱ ላልቶ ይዘቅጣል፤ ኢንዛይሙም በፍጥነት ይፈጨዋል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በተቃራኒው ሄደ፤ ምርጊቱን አሟሙቶ ቋሚውን እንዳለ ይተወዋል። ፈሳሹም ከሰልፈሪክ አሲድና ከአንድ ርካሽ አሚን (ናይትሮጅን ያለው ውህድ) የሚሠራ በመሆኑ በኪሎ 1.24 ዶላር ገደማ ሊመረት እንደሚችል አስልተዋል። ከዚያ በፊት ዋጋው የማይቀመስ ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎን ቁጥር ይዤ ልቁጠር። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ለማሟሟት 10 ኪሎ ፈሳሽ ፈሰሰበት እንበል። ከዚያ 99 በመቶው ተመለሰ። ደስ ይላል አይደል? የጠፋው ግን 100 ግራም ነው፤ በእርስዎ ርካሽ ዋጋ 12 ሳንቲም። ከአንድ ቶን እንጨት 300 ሊትር ገደማ ኢታኖል ቢወጣ፣ ከአንዱ ኪሎ የሚገኘው የሊትር ሲሶ አይሞላም። ስለዚህ በየሊትሩ 41 የአሜሪካ ሳንቲም የፈሰሰው ለጠፋው ጨው ብቻ ነው። እንጨቱ፣ ኢንዛይሙ፣ ማሞቂያው፣ ደመወዙ ገና አልተነሡም። ፈሳሹ በኪሎ 20 ዶላር የሚሸጠው ቢሆን ደግሞ በሊትር ከ6 ዶላር በላይ ያልፋል! ቤንዚን ስንት እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ኬሚስቱ፦ ሒሳቡ ትክክል ነው። 99.9 በመቶ ከተመለሰ ግን 41ዱ ወደ 4 ይወርዳል። እንጨቱን ማብዛት፣ ፈሳሹን መቀነስም ይቻላል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዚህች ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለዚህች ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ቀድሞ ከፍሏል። በ2007 የወጣው ሕጋቸው በ2022 ከሴሉሎስ 16 ቢሊዮን ጋሎን ነዳጅ ይመረታል ብሎ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ የተወሰነው ግዴታ 1 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም፤ አብዛኛውም ባዮጋዝ ነው። የሚሲሲፒ ግዛት ኪዮር ለተባለ ከእንጨት ነዳጅ እሠራለሁ ላለ ኩባንያ 75 ሚሊዮን ዶላር ያለ ወለድ አበደረ፤ ኩባንያው በ2014 ከሰረ። ዘዴው ሌላ እንደነበር አውቃለሁ፣ አዮናዊ ፈሳሽ አልነበረም። ተስፋው ግን ያው ነበር።

ከሄልሲንኪ፦ ሁለታችሁም ስለ ነዳጅ ብቻ ስትከራከሩ ይገርመኛል። ነዳጅ ከእንጨት ከሚወጣው ሁሉ ርካሹ ነው፤ በውድ አሟሚ ርካሽ ዕቃ መሥራት ከመነሻው አያዋጣም። እዚህ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአዮናዊ ፈሳሽ የበርች ዛፍ ሴሉሎስ አሟሙተው ክር ይፈትላሉ። በ2018 የነጻነት በዓል የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ከዚህ ክር የተሰፋ ቀሚስ ለብሰው ታይተዋል። የጨርቅ ክር ከቤንዚን የተሻለ ዋጋ ስላለው ጥቂት ጨው ቢጠፋም ይሸከማል። የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ፣ ግን ለክርና ለሊግኒን ይሁን።

ኬሚስቱ፦ በዚህ ከእርስዎ ጋር ልስማማ እችላለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከፈረሰ ቤት የሚወጣ በመዳብ፣ በክሮሚየምና በአርሴኒክ የተነከረ እንጨት አለ፤ እንደ ልብ አይቃጠልም፣ አይቀበርም። የኢምፔሪያሉ ዓይነት ፈሳሽ ብረቱንም አብሮ ይለቅመዋል። እንዲህ ያለውን እንጨት የሚያስወግድ ሰው ራሱ ይከፍላችኋል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አርሴኒክ የለቀመውን ፈሳሽ ማን ያጥበዋል? «አረንጓዴ» የሚሉት ስለማይተን ነው እንጂ ሁሉም ለዓሣ የሚስማማ ሆኖ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ውህድ ተገኝቷል።

የእንጅባራው፦ ወደ አገር ቤት ልመልሳችሁ። ኢታኖል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የወጣው ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ተሽጧል። ሞላሰስ ምርጊት የለውም። በእኛ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጥና ከሰል ያከስላል፤ የጭነት መኪና ደጁ ድረስ መጥቶ ይወስድለታል። የእናንተ ፋብሪካ መጀመሪያ ከከሰል ነጋዴው ጋር ይጫረት።

አናጢው፦ እንጨት እየተረፈ ይጣላል የሚል ካለ ወርክሾፔ ይምጣ። ሰጋቱራዬን እንጀራ ጋጋሪዎች በጆንያ ይወስዱታል፤ ዝናብ ሲበዛ ደግሞ እየተሻሙ። ኬሚስቱ በጆንያ ስንት ይከፍላሉ?

ኬሚስቱ፦ ጋሼ፣ ደርቆ ነው ወይስ እርጥብ?

አናጢው፦ ክረምት ነው እኮ።